ደመወዙ ትምህርት ነበር

በጁን 2025 ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ መግለጫ አወጣ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) የአትሌቲክስ ቡድኑ ከእንግዲህ ትኩረቱ ረጅም ርቀት ሩጫ ላይ ይሆናል አለ። ዝላይና ውርወራ ከነጭራሹ ቀሩ። አጭር ርቀትና መሰናክልም ይቀነሳሉ ተባለ። አሎሎ ወርዋሪውም ከፍታ ዘላይዋም ሁለት ምርጫ ቀረላቸው። ወይ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ፣ ወይ ስፖርቱን ትቶ ትምህርቱን ብቻ መቀጠል።

ዩኒቨርሲቲው ያለባት ፑልማን ትንሽ ከተማ ናት። ለምሥራቅ አፍሪካ ሩጫ ግን ባዳ አይደለችም። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረው እዚያ ተማሪ ሳለ ነው። በ3,000 ሜትር፣ በ3,000 ሜትር መሰናክል፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቡድን ሲቆረጥ ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ነገሩ የተጀመረው ከፑልማን በጣም ርቆ፣ የቴሌቪዥን ውል በሚፈረምበት ክፍል ውስጥ ነው።

ታሪኩን ላሳጥረው። ዋሽንግተን ስቴት ፓክ-12 የሚባል ኮንፈረንስ አባል ነበር። ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጫወቱና የቴሌቪዥን መብታቸውን አብረው የሚሸጡ ዩኒቨርሲቲዎች ስብስብ ነው። ይህኛው ሥሩ ከ1915 ይጀምራል። በ2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ዩሲኤልኤና ዩኤስሲ፣ ቢግ ቴን ወደሚባል ሌላ ኮንፈረንስ እንሄዳለን አሉ። ቢግ ቴን በዚያው ዓመት ከቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር ለሰባት ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈራረመ። ኦሪገንና ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተከተሉ። ሌሎቹም ተበተኑ። በሴፕቴምበር 2023 ከአሥራ ሁለቱ ሁለት ብቻ ቀሩ፦ ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት። የሚወስዳቸው አጡ። ገንዘቡ ሲደርቅ መቀነስ ግድ ሆነ። የተቀነሰው ደግሞ ቴሌቪዥን የማያየው ስፖርት ነው።

የሄዱትም ቢሆኑ በነጻ አልሄዱም። ስታንፎርድና በርክሊ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ሳይነሱ አትላንቲክ ኮስት የሚባል ኮንፈረንስ ገቡ። ዩሲኤልኤ አሁን ከኒው ጀርሲው ራትገርስ ጋር በአንድ ኮንፈረንስ ይጫወታል። መሐላቸው ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ እንደማለት ነው። ፉትቦል (የእኛ እግር ኳስ ሳይሆን፣ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካው ጨዋታ) በሳምንት አንዴ ብቻ ስለሚካሄድ ጉዞውን ይችለዋል። መረብ ኳስና ቅርጫት ኳስ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜም ይጫወታሉ። ውሉ የተፈረመው ለፉትቦል ነው። ጉዞው ግን የሁሉም ነው። የኬሚስትሪ ፈተና ያለባት የመረብ ኳስ ተጫዋች ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ታጠናለች።

እዚህ አገር ብዙ ዓመት የተከራከርንበት ጥያቄ «ተጫዋቾቹ ይከፈላቸው ወይስ አይከፈላቸው?» የሚል ነበር። አሁን እየተከፈላቸው ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ተማሪው ከመጀመሪያውም ደመወዝ ነበረው። ደመወዙ ትምህርት ነበር። ሜዳ ላይ ላብህን ስጠን፣ እኛ ዲግሪ እንሰጥሃለን፤ ውሉ ይኸው ነው። ያ ደመወዝ በትክክል ተከፍሎ ያውቃል ወይ? ገንዘቡ እያበጠ ሲሄድስ ምን ደረሰበት?

ከአገር ቤት ለመጣን ሰዎች ነገሩ መጀመሪያ ግራ ይገባል። እኛ አገር ስፖርተኛ የሚያድገው በክለብ ነው። የባንክ ክለብ አለ፣ የመከላከያ አለ፣ የማረሚያ አለ። ሯጩ ደመወዙን ከክለቡ ይቀበላል፣ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ቤት ነው። አውሮፓም እንደዚያው ክለብ ነው። ፕሮፌሽናል ስፖርትን የሚያህል ገበያ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የገነባ አገር ከአሜሪካ ሌላ የለም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስቴዲየም ከ107,000 ሰው በላይ ይይዛል። ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ የሌለባት ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ያን ያህል ሰው አንድ ቦታ ይቀመጣል።

ለምን እንዲህ ሆነ? አንዱ ምክንያት መልክዓ ምድር ነው። የክልል መንግሥታቱ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ የተቆረቆሩት በትናንሽ ከተሞች ነው። በአካባቢው ፕሮፌሽናል ቡድን የለም። ነብራስካ ወይም አላባማ ውስጥ ያለ ገበሬ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ባይገባም ቡድኑ የእሱ ነው። የምክር ቤት አባሉም የዚያው ቡድን ደጋፊ ነው። በጀት የሚያጸድቀው ደግሞ እሱ ነው።

ንግዱ ገና ከጥንስሱ ነበር። በ1852 ሃርቫርድና ዬል በጀልባ ቀዘፋ ተወዳደሩ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተደረገ የመጀመሪያ ስፖርታዊ ውድድር እሱ ነው። ወጪውን የቻለው አንድ የባቡር ኩባንያ ነበር፤ ወደ ሐይቁ መንገደኛ ለማምጣት። የመጀመሪያው የፉትቦል ጨዋታ በ1869 በራትገርስና በፕሪንስተን መካከል ተደረገ። በ1905 ሜዳ ላይ የሚሞቱት ልጆች ሲበዙ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ተወካዮች ቤተ መንግሥት ጠርቶ አነጋገረ። ከዚያ ድንጋጤ ነው ዛሬ ኤንሲኤኤ የምንለው፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር የተወለደው። ለተማሪው ደኅንነት ተብሎ የተቋቋመ ማኅበር ነው። ይህን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

በ1955 ሬይ ዴኒሰን የሚባል የቀድሞ ወታደር ኮሎራዶ ውስጥ ፎርት ሉዊስ በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ይጫወት ነበር። በጨዋታ መሐል ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ የሠራተኛ ካሳ ጠየቀች። ጥያቄዋ ቀላል ነበር። ባሌ ለኮሌጁ እየተጫወተ ነው የሞተው፣ ስኮላርሺፑም ክፍያው ነው። በ1957 የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይገባሽም አላት። ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ አይደለም ተባለ።

«ተማሪ-አትሌት» የሚለው ቃል የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በጊዜው የኤንሲኤኤ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው ዋልተር ባየርስ ጡረታ ከወጣ በኋላ ራሱ ጻፈው። ቃሉን ያወጡት ተጫዋቾቹ ሠራተኛ ተብለው ካሳ እንዳይጠይቁ ነበር። ስናነበው ክብር ያለው ቃል ይመስላል። ተማሪነቱ ቀድሟል፣ አትሌትነቱ ተከትሏል። የተፈጠረው ግን ለጠበቃ ነው። ባየርስ ይህን ሥርዓት ከ1951 ጀምሮ ለ36 ዓመት ገደማ የመራ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ራሱ የሠራውን ቤት ተቃወመ። ለእኔ ከሁሉም ምስክር የእሱ ይከብዳል።

በ1973 ሌላ ለውጥ መጣ። ስኮላርሺፕ በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ። ከዚያ በፊት አራት ዓመት መስጠት ይቻል ነበር። ከዚያ ወዲህ አሰልጣኙ ካልወደደህ፣ ወይ ጉልበትህ ከተጎዳ፣ በሚቀጥለው ዓመት ላይታደስልህ ይችላል። ተማሪ ሆነህ ገብተህ እንደ ተቀጣሪ ትባረራለህ፤ የተቀጣሪ መብት ግን የለህም። ከአንድ ዓመት በላይ መስጠት እንደገና የተፈቀደው በ2012 ነው።

ትልቁ በር የተከፈተው በ1984 ነው። እስከዚያ ድረስ የፉትቦል ቴሌቪዥን መብትን የሚቆጣጠረው ኤንሲኤኤ ነበር። አንድ ቡድን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚታየው። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ፈረደላቸው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ የራሱን መብት መሸጥ ቻለ። ገንዘቡ እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ። የማርች ቅርጫት ኳስ ውድድር ብቻውን በ2010 ለ14 ዓመት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ? ለተጫዋቹ መክፈል ክልክል ስለነበር ሌላ ቦታ መፍሰስ ነበረበት። ወደ አሰልጣኝ ፈሰሰ። ወደ ሕንፃ ፈሰሰ። በአብዛኛዎቹ የአሜሪካ ክልሎች ከፍተኛ ደመወዝ የሚበላው የመንግሥት ሠራተኛ ገዢው አይደለም፤ የአእምሮ ሐኪሙም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትም አይደሉም። የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። በኖቬምበር 2023 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም አሰልጣኙን ጂምቦ ፊሸርን አሰናበተ። ውሉን ለማፍረስ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገባ። ሰውየው እንዳይሠራ ነው የሚከፈለው። በዚያ ገንዘብ ስንት ልጅ ይማር እንደነበር ማስላት ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ገንዘብ እየገባ እንኳ አብዛኞቹ የስፖርት ክፍሎች ኪሳራ ላይ ናቸው። በኤንሲኤኤ የራሱ ሪፖርት በ2019 ትርፍ ያስመዘገቡት 25 ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነበሩ። ሁሉም ከአምስቱ ትልልቅ ኮንፈረንሶች ናቸው። ማኅበሩ ከአንድ ሺህ በላይ አባል ትምህርት ቤቶች አሉት። የቀረው ጉድለት የሚሞላው ከዩኒቨርሲቲው ካዝናና ከተማሪው ኪስ ነው። በየሴሚስተሩ ክፍያ ውስጥ «የአትሌቲክስ ክፍያ» የሚል መስመር አለ። አንዳንድ ቦታ በዓመት ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። ማታ ማታ ፓርኪንግ እየሠራ፣ ኡበር እየነዳ የሚማር ልጅ ስቴዲየም ደጃፍ ረግጦ ሳያውቅ ለጨዋታው ይከፍላል። ብድር ወስዶ ከሆነ ደግሞ በወለድ ይከፍላል። የልጆቻችሁን የትምህርት ቤት ደረሰኝ አውጥታችሁ ተመልከቱት።

ለስፖርቱ የሚቆሙ ሰዎች ክርክር የላቸውም ማለት አይደለም። አላቸው፣ ከባድም ነው። አላባማ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል አሰልጣኙን ኒክ ሴባንን በ2007 ሲቀጥር ተማሪዎቹ በአብዛኛው የዚያው ክልል ልጆች ነበሩ። ሰውየው ስድስት ዋንጫ አነሳ። በ2024 መጀመሪያ ጡረታ ሲወጣ ከግማሽ በላይ ተማሪው ከሌላ ክልል የመጣ ነበር። ከሌላ ክልል የሚመጣ ተማሪ እጥፍ ሲልም ከዚያ በላይ ይከፍላል። ስለዚህ ስፖርት ዩኒቨርሲቲን ያስተዋውቃል የሚለው ውሸት አይደለም። ግን ለአሸናፊ ነው የሚሠራው። በየዓመቱ አንድ ቡድን ያሸንፋል፣ ከመቶ በላይ ቡድን ግን አሸንፋለሁ ብሎ ያወጣል። የአላባማን ታሪክ እያየ የሚበደር ዩኒቨርሲቲ ጎረቤቱ ሎተሪ ስለደረሰው ቤቱን ሸጦ ሎተሪ እንደሚቆርጥ ሰው ነው።

ሌላው መከራከሪያ የበለጠ ልቤን ይነካዋል። ይህ ሥርዓት ለድሃ ልጅ በር ከፍቷል። ኤርትራዊው ስደተኛ መብራህቶም ክፍለዝጊ ዩሲኤልኤ የተማረው በሩጫው ነው። አራት የኮሌጅ ሻምፒዮንነት ይዞ ወጣ። በ2004 አቴንስ ላይ የማራቶን ብር አመጣ፣ በ2014 ቦስተንን አሸነፈ። ያሬድ ንጉሤን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ ኬንታኪ ሉዊቪል ያደገ ልጅ ነው። ኖትረ ዳም ባዮኬሚስትሪ ተማረ። በ2019 የ1,500 ሜትር የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆነ። በ2024 ፓሪስ ላይ ነሐስ አጠለቀ። እንግዲህ ኖትረ ዳም የማን ቤት ነው? ከ1991 ጀምሮ የሜዳውን ጨዋታ ለብቻው ለኤንቢሲ የሚሸጥ የፉትቦል ቤት ነው። የሩጫ ቡድን ትኬት አይሸጥም። ያሬድን ያሮጠው ቡድን ወጪ በብዛት የተሸፈነው በፉትቦል ገንዘብ ነው። አሜሪካ ለኦሎምፒክ የምትልካቸው አትሌቶችም ከግማሽ በላይ የሚወጡት ከዚሁ ማሳ ነው። ይህን ክዶ መከራከር አይቻልም።

ግን ማን ለማን እየከፈለ እንደሆነ ልብ በሉ። በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች ፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ከሚጫወቱት ግማሽ ያህሉ ጥቁር ወጣቶች ናቸው። በእነዚያው ግቢዎች ከጠቅላላው ተማሪ ውስጥ ጥቁር ወንዶች በመቶ ጥቂት ናቸው። ለአሰልጣኙ ደመወዝ፣ ለጀልባ ቀዛፊዎቹ፣ ለቴኒሱ ሜዳ ገንዘቡን ያመጡት እነሱ ናቸው። በ2014 የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሻባዝ ናፒየር ቡድኑን ለዋንጫ ባበቃበት ሰሞን አንዳንድ ሌሊት ተርቦ እንደሚተኛ ተናገረ። ኤንሲኤኤ የምግብ ገደቡን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ስታዲየም ሕዝብ ስሙን የሚጠራው ልጅ ተርቦ ሲተኛ፣ «ትምህርቱ ይበቃዋል» የሚሉት ሰዎች እራት በልተው ነበር የሚተኙት።

ትምህርቱስ ተከፍሏል? ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። ደንቡ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ልምምድ አይፈቅድም። ኤንሲኤኤ ራሱ አትሌቶቹን ሲጠይቅ ግን ከ30 ሰዓት በላይ ይነግሩታል። ልዩነቱ «ፈቃደኛ» በሚባል ልምምድ፣ በቪዲዮ ማየት፣ በሕክምናና በጉዞ የተሸፈነ ነው። ነርሲንግ መማር የምትፈልግ ሯጭ እናስብ። የሆስፒታል ልምምዱ ጠዋት ነው። የቡድኑ ልምምድም ጠዋት ነው። የትምህርት አማካሪዋ የስፖርት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ሥራው እሷን ለውድድር ብቁ ሆና ማቆየት ነው። ስለዚህ በፈገግታ ሌላ ዘርፍ ይጠቁማታል። ማንም አልከለከላትም። አራት ዓመት ሲሞላ ግን እጇ ላይ ያለው ወረቀት ሌላ ነው። ኢንጂነሪንግ፣ ቤተ ሙከራ ያለበት ሳይንስ፣ ሁሉም እንዲሁ ሳይታወቅ ይወሰዳል። አንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ልጆች አንድ ዓይነት ዘርፍ ውስጥ ተሰብስበው ስታዩ ሁሉም ያንን ስለወደዱ እንዳይመስላችሁ።

የከፋውን ያየነው ኖርዝ ካሮላይና ላይ ነው። ቻፕል ሂል ያለው ዩኒቨርሲቲ የተከበረ ነው፣ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በ2014 የወጣ ምርመራ ከ1993 እስከ 2011 ድረስ ከ3,100 በላይ ተማሪዎች ክፍል የማይገባባቸው ትምህርቶች መውሰዳቸውን አረጋገጠ። መምህር የለም። አንድ ጽሑፍ ይሰጣል፣ የቢሮ ሠራተኛ ታርማለች፣ ውጤቱ ኤ ወይም ቢ ነው። ከተመዝጋቢዎቹ ግማሽ ያህሉ አትሌቶች ነበሩ። የሚያሳዝነው ትምህርቶቹ የተሰጡት በአፍሪካና አፍሪካ-አሜሪካ ጥናት ክፍል ስም ነው። ጥቁር ልጆች ስለራሳቸው ታሪክ የሚማሩበት ክፍል የማጭበርበሪያ መጋረጃ ተደረገ።

ኤንሲኤኤ በ2017 ምን ወሰነ? ዩኒቨርሲቲው ላይ ቅጣት የለም። ምክንያቱም ትምህርቶቹ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ስለነበሩ «ለአትሌት ብቻ የተሰጠ ልዩ ጥቅም» አይባሉም። ተጫዋች ፊርማውን ሸጦ ጥቂት መቶ ዶላር ቢያገኝ የሚያግድ ማኅበር፣ 18 ዓመት የተሰረቀ ትምህርት ሲቀርብለት ሥልጣን የለኝም አለ። ለተማሪ ደኅንነት የተቋቋመ ማኅበር ነው ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ትምህርት ደመወዝ ከሆነ ይህ የደመወዝ ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ ወዲህ ፍርድ ቤቶች አንድ በአንድ ግድግዳውን አፈረሱት። ኤድ ኦባነን የሚባል የቀድሞ የዩሲኤልኤ ተጫዋች ራሱን ቪዲዮ ጌም ውስጥ አየ። ገንዘብ አልተከፈለውም፣ ፈቃድም አልተጠየቀም። በ2009 ከሰሰ፣ በ2014 ተፈረደለት። በጁን 2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልስተን በሚባለው ጉዳይ 9 ለ 0 በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። በተከታዩ ወር ልጆቹ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደላቸው። በጁን 6 ቀን 2025 ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን «ሃውስ» የሚባለውን ስምምነት አጸደቁ። ለቀድሞ አትሌቶች ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ይከፈላል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለአትሌቶቹ ገንዘብ ማካፈል ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

እኔ ደስ ብሎኛል። ዕዳ ነበር፣ ዘግይቶም ቢሆን መከፈል ጀመረ። ግን ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አይተን ዝም ማለት የለብንም። አሰልጣኙ ከደመወዙ አልቀነሰም። ሕንፃ መገንባቱም አልቆመም። ትልልቆቹ ከሚያካፍሉት ሦስት አራተኛ ያህሉን ለፉትቦል፣ አብዛኛውን ቀሪ ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ሰጥተዋል። ስምምነቱ በአንድ ቡድን የሚያዙ ልጆችንም ቁጥር ወስኗል። ፉትቦል 105፣ አገር አቋራጭ 17። ስኮላርሺፕ ሳይኖራቸው ቡድኑ ውስጥ ይሮጡ የነበሩ ብዙ ልጆች ቦታቸውን አጡ። ፔንስልቬንያ ያለው ትንሹ ሴንት ፍራንሲስ ዩኒቨርሲቲ በማርች 2025 በትልቁ የቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ ተሳትፎ፣ ቀናት ሳይቆይ ስኮላርሺፕ ወደሌለበት ሦስተኛው ዲቪዚዮን እንወርዳለን አለ። አቅማችን አይችልም ነው ነገሩ።

ትምህርቱስ? በ2024 የዝውውር ብዛት ገደብ ተነሳ። ተጫዋች በየዓመቱ ትምህርት ቤት መቀየር ይችላል። እንደ ሠራተኛ ካየነው መብቱ ነው፣ አሰልጣኙም ይቀያየራል። እንደ ተማሪ ካየነው ግን ሦስት አራት ዩኒቨርሲቲ የዞረ ልጅ የወሰደው ኮርስ ግማሹ አዲሱ ቤት አይቆጠርለትም። ፉትቦል ከሚጫወቱ መቶ የኮሌጅ ልጆች ፕሮፌሽናል የሚሆኑት ሁለት አይሞሉም። የቀሩት በ23 ዓመታቸው ዲግሪ ፈላጊ ናቸው። ያኔ ስልክ የሚያነሳ የለም።

ሌላ መንገድ መኖሩን ግን ታሪክ ያሳያል። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በዘመኑ የፉትቦል ኃያል ነበር። ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫ በ1935 ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደው የእነሱ ልጅ ጄይ ቤርዋንገር ነው። በ1939 ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ሃቺንስ ፉትቦሉን ዘጋው። ሰው ተቆጣ። ሜዳው ባዶ ሆነ። በዲሴምበር 2 ቀን 1942 እነ ኤንሪኮ ፌርሚ የመጀመሪያውን ቁጥጥር ያለው የኑክሌር ሰንሰለታዊ ሂደት ያስጀመሩት በዚያ ሜዳ መቀመጫ ሥር ነው። ኋላ ቦታው ላይ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ተሠራ። ፉትቦሉም በ1969 ተመልሷል። ዛሬ ቺካጎ በሦስተኛው ዲቪዚዮን ይጫወታል። ልጆቹ የሚጫወቱት ስለወደዱት ነው። እነ ሃርቫርድና ዬል ያሉበት የአይቪ ሊግ ትምህርት ቤቶችም የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ሁሉም ቺካጎ ይሁን አልልም፣ አይሆንምም። ትልልቆቹ ፉትቦላቸውን ለብቻው ኩባንያ አድርገው፣ ተጫዋቹን በግልጽ ሠራተኛ ብለው ቢቀጥሩት፣ ትምህርቱንም ሲጫወት ይሁን ከተጫወተ በኋላ ባሻው ጊዜ እንዲማር ቢሰጡት እመርጣለሁ። ሌሎቹ ስፖርቶች ደግሞ በአውቶቡስ ወደሚደረስባቸው ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ይመለሱ። የመረብ ኳስ ተጫዋቿ ለፉትቦል ውል ብላ አገር የምታቋርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ለእኛ ወላጆች የምለው አለኝ። በሜሪላንድ፣ በሲያትል፣ በሚኒሶታ ልጆቻችን እየሮጡና ኳስ እየተጫወቱ ነው። ቤት ውስጥ «ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባል እልል እንላለን። ቃሉን ግን እንመርምረው። እስከ 2025 ድረስ አንድ የወንዶች የአትሌቲክስ ቡድን ለሯጩ፣ ለዘላዩ፣ ለወርዋሪው በሙሉ የነበረው 12.6 ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ፉትቦል 85 ነበረው። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ» የመጻሕፍት ዋጋ ሊሆን ይችላል። አሁን ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ያ ገደብ ተነስቷል፣ ግን ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። ከኢትዮጵያ በተማሪ ቪዛ የመጣ ልጅ ደግሞ ሌላ አጥር አለበት። ቪዛው ሥራ ስለሚገድብ የስምና የምስል ገንዘቡን አሜሪካ ውስጥ እንደ ጓደኞቹ በነጻነት መውሰድ አይችልም። ለእሱ ደመወዙ ዛሬም ትምህርት ብቻ ነው። አንድ ኮንትራት ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር።

አሰልጣኙ ቤታችሁ ሲመጣ ቡና አፍሉለት፣ በደንብ አስተናግዱት። ብዙዎቹ ልጅ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ያለ ይሉኝታ ጠይቁት። ባለፉት አራት ዓመታት ከቡድኑ ስንት ልጅ ተመረቀ? በምን ዘርፍ? ልጄ የምትፈልገውን ትምህርት አሁን የሚማር ተጫዋች አለህ? ካለ ስልኩን ስጠን። አንተ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ብትሄድ ስኮላርሺፑ ምን ይሆናል? ቡድኑ ቢዘጋስ? በሁለተኛው ዓመት እግሯ ቢሰበር፣ ዳግም ባትሮጥ፣ እስክትመረቅ ታስተምሯታላችሁ? እሺ ካለ፣ እሺታውን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት።